ተዘከሩኝ

(በጅማ፣ በሰንበት ትምህርት ቤት የቀድሞ አባላት የመታሰቢያ ቀን ላይ የተደረገ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተከበራችሁ አባቶቻችን ካህናት፣ እናቶቼ፣ አብረን ያደግን እህትና ወንድሞች፣ ልጆቻችን፤ እንኳን በሰላም መጣችሁ። ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛችሁ የመጣችሁ አላችሁ። ዝናቡ አልቀረላችሁም። ጅማ እንግዳዋን ሳታረጥብ አትቀበልም። ቆርቆሮው ከጮኸብኝ እጃችሁን አንሡልኝ። 37 ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ መጮኽ አይከብደኝም።

«ስለ መታሰቢያ ንገሪን» ተባልኩ። ብዙ ከማገላበጤ በፊት አንድ ቃል መጣልኝ። ዛሬ ጠዋት ከቅዳሴ ስንወጣ በር ላይ የተቀመጡትን እናት አያችኋቸው? «ስለ መድኃኔዓለም፣ ተዘከሩኝ» ይላሉ። ቃሉን ከልጅነታችን ጀምሮ እንሰማዋለን። ተዘከሩኝ ማለት አስቡኝ፣ አስታውሱኝ ማለት ነው። ታዲያ «እሺ እማማ፣ አስብዎታለሁ» ብሎ የሚያልፍ ማን አለ? እንደዚያ ቢል ስድብ ነው። ቃሉን ስንሰማ እጃችን ወደ ኪስ ይገባል። ኪሱ ባዶ የሆነም አፍሮ ያልፋል።

ግእዙ «ዘከረ» ይላል፤ አሰበ፣ አስታወሰ ማለት ነው። ዝክርም ተዝካርም ከዚያ የመጡ ናቸው። አማርኛችን ጋ ሲደርስ ግን ቃሉ ድስት ጣደ። «እሷ እኮ ሚካኤልን ትዘክራለች» ሲባል በ12 ቤቷ ተቀምጣ ሚካኤልን የምታሰላስል ሴት አይታየንም። ጠላ የጠመቀች፣ ድፎ የጋገረች፣ ጎረቤት የጠራች ሴት ናት የምትታየን። አያቶቻችን ማስታወስንና ማብላትን በአንድ ቃል አስረው ሰጡን። ዛሬ የምናገረው ሁሉ ከዚህ ብዙም አይርቅም።

የካህኑ የዘካርያስ ስምም ከዚሁ ሥር ነው። በዕብራይስጡ «እግዚአብሔር አስታወሰ» ማለት ነው። እስቲ አስቡት። ሰውየው ልጅ ሳይወልድ ሸመገለ። በጠሩት ቁጥር ግን «እግዚአብሔር አስታወሰ» እየተባለ ነው። ስንት ቀን አንጀቱን በልቶት ይሆን! በኋላ ዮሐንስ ተወለደ። ኦሪት ዘፍጥረትም እግዚአብሔር ኖኅን አሰበ ይላል። ቀጥሎ የሚመጣው ነፋሱ ነው፤ ነፋስ በምድር ላይ አሳለፈ፣ ውኃውም ጎደለ። እግዚአብሔር አሰበ በተባለበት ቦታ አንድ ነገር ይንቀሳቀሳል።

ወደ ጸሎተ ሐሙስ ማታ እንምጣ። ጌታ ኅብስቱን ቆርሶ «ይህን ለመታሰቢያዬ አድርጉት» አለ። አድርጉት ነው ያለው። ሊሞት አንድ ሌሊት የቀረው ሰው ስለ መቃብሩ ምንም አልተናዘዘም፤ መቃብሩም የተውሶ ነበር። የተወልን ማዕድ ነው። ስለዚህ በየቅዳሴው «ንዜኑ ሞተከ እግዚኦ ወትንሣኤከ ቅድስተ» እንላለን። ሞትህን እንናገራለን፣ ቅድስት ትንሣኤህንም። ሁለቱ በአንድ ትንፋሽ ነው የሚባሉት። በእኛ መታሰቢያ ውስጥ ለቅሶው ብቻውን አይቆምም የምለው ለዚህ ነው።

አሁን አንድ ጥፋቴን ልናዘዝ። የእህቴ ልጅ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ይማራል። የሚሄደው ጸሎት ቤት ነው። የእናቴ ሙት ዓመት ዕለት ወጥ ቤት ገብቶ፣ «አክስቴ፣ ለሞተ ሰው ይሄ ሁሉ እንጀራ ምን ያደርግለታል?» አለኝ። ተቆጣሁ። እንግዳ እየጠበቅኩ ነበር፣ ሽንኩርቱም ዓይኔን ፈጅቶታል። «ውጣልኝ ከዚህ!» አልኩት። ዕድሜ ልኬን ልጆች ጠይቁ ስል የኖርኩ ሴት!

ማታ መጽሐፍ ስገልጥ መጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 4 ላይ አረፍኩ። እስራኤል ዮርዳኖስን ሲሻገሩ ከየነገዱ አንድ ሰው ከወንዙ መካከል አንድ አንድ ድንጋይ ተሸክሞ ይወጣል። 12 ድንጋይ። በጌልገላ ተተከለ። ለምን? ልጆቻችሁ ወደ ፊት «እነዚህ ድንጋዮች ምንድር ናቸው?» ብለው ሲጠይቁ እንድትነግሯቸው። ድንጋዩ የተተከለው ልጅ እንዲጠይቅ ነው! እኔ ደግሞ የጠየቀውን ልጅ ከወጥ ቤት አባረርኩት።

በማግስቱ ጠርቼው ቡና አፈላሁለት። ሟች እንጀራ እንደማይበላ እኔም አውቃለሁ አልኩት። የሐዋርያት ሥራ 10ን አብረን አነበብን፤ እሱ በስልኩ፣ እኔ በመነጽሬ። መልአኩ ለቆርኔሌዎስ «ጸሎትህና ምጽዋትህ በእግዚአብሔር ፊት ለመታሰቢያ እንዲሆን አረገ» አለው። ምጽዋት መታሰቢያ ሆኖ ያርጋል። ካህናቱ በፍትሐቱ ስሟን ይጠራሉ፤ እኛ በስሟ ለተራበ እናበላለን። ወደ ላይ የሚሄደው ይህ ነው አልኩት። ልጁ ሁሉንም አልተቀበለኝም። ከሙት ዓመቱ የተረፈውን ድፎ ግን ቋጥሮ ወደ ዶርሙ ይዞ ሄደ።

ስለ ድንጋይ ካነሣሁ አይቀር የአባቴን ልንገራችሁ። አባቴ ያረፈው በ1983 ነው። የመጀመሪያው የእንጨት መስቀል የጅማን ዝናብ ጥቂት ክረምት እንኳ አልቻለም። ገንዘብ አዋጥተን እብነ በረድ አሠራን። ጠራቢው ቁጥሩን አዙሮ 1938 ብሎ ቀረጸው። እኔ የተወለድኩት በ1955 ነው። እንደ ድንጋዩ ከሆነ አባቴ ከሞተ ከ17 ዓመት በኋላ ወለደኝ ማለት ነው! ሰውየውን ብንፈልገው ከተማ ለቋል። እስከ ዛሬ እንደዚያው አለ። በመጀመሪያ አለቀስኩ። አሁን በሄድኩ ቁጥር እስቃለሁ፤ አባቴም ቢያየው ይስቅ ነበር።

ጌታ በማቴዎስ 23 የነቢያትን መቃብር የሚሠሩትን፣ የጻድቃንን መቃብር የሚያስጌጡትን ሰዎች ወዮላችሁ ይላቸዋል። መቃብር አታሳምሩ ማለቱ አይመስለኝም። የሞተውን ነቢይ እያስጌጡ ሕያዉን ማሳደዳቸው ነው ነገሩ። አንዳንዴ የምናሠራውን እብነ በረድ አይቼ፣ ባለቤቱ በቁሙ ታሞ ሳለ ስንት ጊዜ ጠየቅነው እላለሁ። ለራሴም ነው የምለው።

ያ የኢያሱ ምዕራፍ ብዙ ሰው የማያስተውላት አንዲት ቁጥር አለችው። ቁጥር 9። ኢያሱ ሌሎች 12 ድንጋዮች በራሱ በዮርዳኖስ መካከል፣ ካህናቱ የቆሙበት ቦታ ላይ አቆመ ትላለች። ከዚያ ውኃው ተመለሰ። ሸፈናቸው። የጌልገላውን መንገደኛ ሁሉ ያያል። የወንዙን ግን ከእግዚአብሔር በቀር የሚያየው የለም።

ይህን ሳነብ አቡነ ሚካኤል ትዝ ይሉኛል። አቡነ ጴጥሮስን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ፋሺስቶች አዲስ አበባ ላይ ረሸኗቸው። ሐውልት አላቸው። ሐውልቱ በ2005 ለባቡሩ ግንባታ ሲነሣ አገር አዘነ፤ በ2008 ሲመለስ እልል ተባለ። አቡነ ሚካኤልስ? ሁለቱም በ1921 ዓ.ም. ከተሾሙት ከመጀመሪያዎቹ አራት ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት ናቸው። አቡነ ሚካኤል በ1929 ዓ.ም. ጎሬ ላይ በዚያው ጠላት እጅ ተሠዉ። ጎሬ እኮ ሩቅ አገር አይደለም! በአጋሮ፣ በበደሌ፣ በመቱ አድርጎ የሚሄደው የእኛው መንገድ ነው የሚያደርሰው። ባለፈው ወር እዚህ አዳራሽ ውስጥ ልጆቹን ጠየቅኳቸው። እጁን ያወጣ አንድም ልጅ አልነበረም። ልጆቹ አላጠፉም። እኛ አልነገርናቸውም።

በሚያዝያ 2007 በሊቢያ የተሠዉት ወንድሞቻችንም አሉ። እንጀራ ፍለጋ የወጡ ልጆች ነበሩ። ገሚሱ በበረሃው፣ ገሚሱ በባሕሩ ዳር። ያን ሰሞን ቴሌቪዥን ያለበት ቤት ሁሉ ልቅሶ ቤት ነበር። ቤተ ክርስቲያን ሰማዕታት ትላቸዋለች። የሁሉንም ስም በቃሉ የሚጠራልኝ ሰው ግን ገና አላገኘሁም።

ስም ባይታወቅም ሥራ እንደማይጠፋ ወንጌሉ ይነግረናል። በቢታንያ ሽቱ ያፈሰሰችውን ሴት ማቴዎስ ስሟን አይጽፍም። ጌታ ግን ወንጌል በሚሰበክበት ሁሉ ያደረገችው ለእርስዋ መታሰቢያ ይነገራል አለ። ይኸው ዛሬ ጅማ ላይ በዝናብ እየነገርናት ነው።

አሁን ለእናቶች ላውራ። ስለ ተዝካር።

የእናቴ አርባ ዕለት ድንኳኑን የተከሉት ሙስሊም ጎረቤታችን ከልጆቻቸው ጋር ነበሩ። እንደ ከተማችን ወግ ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን ለብቻው ታርዶ፣ ለብቻው ድስት ተጥዶ ነበር። ባለቤታቸው እስከ ዛሬ ቡና ሲያፈሉ አንድ ሲኒ ጨምረው ይደረድራሉ። «ይቺ የእናትሽ ናት» ይሉኛል። ቀድተው የሚሰጡት ግን ለቤት ሠራተኛዋ ልጅ ነው። የተዝካርን ነገር ማንም እንደ እሳቸው አድርጎ አላስረዳኝም።

ሌላም አይቻለሁ። ባሏን የቀበረች ሴት፣ ሦስት ልጅ ይዛ፣ «ሰው ምን ይለኛል» ብላ ተበድራ በሬ ጣለች። የበላው አብዛኛው ሰው ጠግቦ የመጣ ነው። እዳው ልጆቹን ከትምህርት ቤት አስወጣ። አባቶች ካህናት እዚህ ተቀምጣችኋል፤ ከተሳሳትኩ አርሙኝ። እኔ እንደሚገባኝ ሟቹ ያን በሬ አልጠየቀም። በአርባው ቀን ቅዳሴ ተቀድሶ፣ በር ላይ ላሉት እናት ዳቦና ንፍሮ ቢደርስ ዝክሩ ሙሉ ነው። ጌታ እኮ የቀዝቃዛ ውኃ ጽዋ እንኳ ዋጋዋ አይጠፋም ብሏል። አቅም ያለው በሬ ይጣል፣ ማንም አልከለከለውም። ግን በር ላይ ያሉትን ድንኳን ውስጥ ያስገባቸው። ብዙ ጊዜ ፍርፋሪው ነው የሚደርሳቸው፤ ጥሪው ግን የእነሱ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ወደዚህ ንግግር ያመጣኝም እሱ ነው።

አምና ከመካከላችን አንዱ አረፈ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከበሮ ይመታ የነበረው፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አስከሬኑ ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። ካህኑ «የክርስትና ስሙ ማነው?» አሉ። ዝም። ሚስቱ ልጆቹን አየች፣ ልጆቹ እኔን አዩ። 40 ዓመት ተጠራርተናል፤ በቅጽል ስም! አንዱ «ገብረ ሚካኤል መሰለኝ» አለ፣ ሌላው «ኧረ ኃይለ ጊዮርጊስ ነው» አለ። ፍትሐቱ ቆሞ ገጠር ላሉት አሮጊት እናቱ ስልክ ተደወለ። ኔትወርኩ ይቆራረጣል። በስተመጨረሻ ተሰማ። እናትየው እየጮኹ የልጃቸውን የክርስትና ስም ነገሩን፣ ካህኑም ተቀብለው በስሙ ጸለዩለት። ሁለቱም የገመቱት አልነበረም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ «ተዘከረነ እግዚኦ በውስተ መንግሥትከ» በተባለ ቁጥር ያ ዝምታ ይመጣብኛል። አብሮት የተሰቀለው ወንበዴ «አስበኝ» ሲለው ጌታ ስሙን አልጠየቀውም። እሱ ያውቃል። እኛ ነን ማወቅ ያለብን።

ስለዚህ ደብተር ገዛሁ። ይኸው፣ ባለ 200 ገጽ። በመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ ያረፉትን አባሎቻችንን እስካሁን ያገኘሁትን ያህል በክርስትና ስማቸው ጽፌያለሁ። ካረፉበት ቀን ጎን በስማቸው ማን እንደሚዘክር ባዶ ቦታ ትቻለሁ። ሙሉ ድግስ የሚችል ድግሱን ይጻፍ። አንድ ኪሎ ስኳር የሚችል ስኳሩን ይጻፍ። ቤት ሄዶ የሟችን ልጅ ሒሳብ ማስጠናት የሚችልም ይጻፍ፤ ይሄ ዝክር ነው፣ አባቶችም አይከለክሉኝም። ከመጨረሻው ገጽ ጀምሮ ደግሞ የእኛ የሕያዋኑ ነው። አያቶቻችን የቁም ተዝካር ያወጡ ነበር፤ እናንተ ቢያንስ የክርስትና ስማችሁን በቁማችሁ አስመዝግቡ። የማታውቁ ዛሬውኑ እናታችሁ ጋ ደውሉ፤ እናታችሁ ካለች።

እስክርቢቶው አንድ ነው፣ እንዳይጠፋ። ልጆች፣ አጠገባችሁ ላሉት ማንበብ ለከበዳቸው እናቶች ጻፉላቸው። ከፊተኛው ወንበር ይጀምር። አባ፣ እርስዎ ይባርኩትና ይቀጥል።