ከቀለሙ በፊት ቧንቧው

የተከበራችሁ የባሕር ዳር ነዋሪዎች፣ እናቶችና አባቶች፣ ከዩኒቨርሲቲያችን ግቢዎች ከፖሊና ከፔዳ የመጣችሁ ተማሪዎች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

የጥገና ኮሚቴው ስለ መዋኛ ገንዳችን እንድናገር ወክሎኛል። የምለው ነገር ሁላችሁንም ላያስደስት ይችላል። ብዙዎቻችሁ የምትጠብቁት አዲስ ሴራሚክ፣ ሰማያዊ ቀለም፣ ጃንጥላና ካፌ ነው። እኔ ደግሞ የምለምናችሁ የመጀመሪያውን ብር ዓይን በማያየው ቦታ እንድናፈስ ነው። ቧንቧው ላይ፣ ፓምፑ ላይ፣ ፊልተሩ ላይ። አውቃለሁ፣ ሪባን የሚቆረጠው ለቀለም ነው። ለቧንቧ ሪባን የቆረጠ ባለሥልጣን እስካሁን አላየሁም።

«ጣና ደጃችን ተኝቶ ገንዳ ምን ያደርግልናል?» የሚል አይጠፋም። ቢልሃርዚያን ላስታውሰው። በጣናና በዓባይ ዳር ባሉ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ያደገው ትል ወደ ውሃው ይወጣል። ከዚያ የሚዋኘውን ልጅ ቆዳ በስቶ ይገባል። ፕራዚኳንቴል የሚባለው ክኒን ያክመዋል። ልጁ ተመልሶ እዚያው ውሃ ከገባ ግን እንደገና ይያዛል። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በኩል ደግሞ ጉማሬ አለ። ከጉማሬ ጋር ዋና ልማር የሚል ካለ አልከለክልም። ለልጆቻችን ግን ወለሉ የሚታይ፣ ጥልቀቱ የታወቀ፣ ዳር ላይ ሕይወት አድን የቆመበት ውሃ ያስፈልጋቸዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ያረጀ ገንዳ ያፈሳል። ውሃው ሲቀንስ «ፀሐይ ጠጣችው» እንልና ቧንቧ ከፍተን እንሞላለን። ፀሐይ ትሁን ስንጥቅ ለመለየት ግን አንድ ባልዲ ይበቃል። ባልዲውን በገንዳው ውሃ ትሞሉና የመግቢያው ደረጃ ላይ፣ ግማሽ አካሉ ውሃው ውስጥ እንዲሆን አድርጋችሁ ታስቀምጡታላችሁ። እንዳይንሳፈፍ ድንጋይ ክተቱበት። ከውስጥ የባልዲውን ውሃ፣ ከውጭ የገንዳውን ውሃ ልክ በማርከር ታሰምራላችሁ። ከ24 ሰዓት በኋላ ታያላችሁ። ሁለቱም እኩል ከወረዱ የፀሐይና የነፋስ ሥራ ነው። ገንዳው ከባልዲው በላይ ከወረደ ውሃው መሬት ውስጥ እየገባ ነው። አንዴ ፓምፑን አጥፍታችሁ፣ አንዴ አብርታችሁ ሞክሩት። ሲበራ ብቻ ብዙ የሚወርድ ከሆነ ጥርጣሬው ውሃውን ወደ ገንዳው በሚመልሰው ቧንቧ ላይ ነው።

ልዩነቱ ትንሽ ቢመስል አትናቁት። 25 በ12 ሜትር ተኩል በሆነ ገንዳ ላይ አንድ ሴንቲ ማለት 3,125 ሊትር ነው። በትልቁ በርሜል ከ15 በርሜል በላይ። በየቀኑ! ውሃው ብቻ አይደለም የሚሄደው። የከፈልንበት ክሎሪንም አብሮ ይሄዳል። የሚፈሰው ውሃ ከኮንክሪቱ ስር ያለውን አፈር እየሸረሸረ ይወስዳል፤ ያን ጊዜ ወለሉ ይሰምጣል። በላዩ የለጠፍነው አዲስ ሴራሚክም አብሮ ይሰነጠቃል። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ። በክረምት ገንዳውን ባዶ እናድርገው የሚል ሰው ቢመጣ እሺ እንዳትሉ። ገንዳው ሲሞላ ውሃው ብቻውን ወደ 470 ቶን ይመዝናል፤ ያ ክብደት ይዞ ያስቀምጠዋል። ከተማችን ሐይቅ ዳር ናት፣ በክረምት የከርሰ ምድሩ ውሃ ቅርብ ነው። ባዶ ገንዳ ያኔ እንደ ታንኳ ነው፤ ከስር ያለው ውሃ ሊያነሳው፣ ወለሉንም ሊሰነጥቀው ይችላል። ስለዚህ ውሃ የሚወጣለት ሥራ ሁሉ በበጋ ነው። ከጥር እስከ ሚያዝያ። ያ ጊዜ ካለፈ አንድ ዓመት መጠበቅ ነው። ጨረታውን ግንቦት ላይ የምናወጣ ከሆነ ከወዲሁ ብንተወው ይሻላል።

ስለ ክሎሪን በአጭሩ። «ዓይናችንን አቃጠለን፣ ክሎሪን አበዙበት» የሚል ቅሬታ በየጊዜው ይመጣል። ብዙ ጊዜ ነገሩ ተቃራኒው ነው። ያ የሚሸተውና የሚያቃጥለው ክሎሪኑ ከላብና ከሽንት ጋር ሲገናኝ የሚፈጠረው ነገር ነው። መፍትሔው ሳይታጠቡ አለመግባት ነው። ሽንቱን ለእያንዳንዳችሁ ትቼዋለሁ። ደግሞ ክሎሪኑን ፀሐይ ስለምትበላው የሚጨመረው ማታ ይሁን። የውሃውን አሲድነት የሚለካው ፒኤች ከ7.2 እስከ 7.8 ካልሆነ ብንጨምርም ብር መድፋት ነው። አሲድና ክሎሪን ደግሞ በአንድ መጋዘን፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርቦ መቀመጥ የለበትም። ሲቀላቀሉ የሚወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል።

ፓምፑ ውሃ የሚስብበት የወለሉ መምጠጫ ክዳንም እንዲሁ አደገኛ ነው። ከተሰበረ ገንዳው በዚያው ሰዓት ይዘጋ። «ነገ እናስጠግነዋለን» የለም። የፓምፕ ጉልበት የልጅ ፀጉርና እጅ ይዞ ያስቀራል።

ለዚህ ሁሉ ሰው ያስፈልጋል። አሁን ያለው አሠራር ጥበቃው ትርፍ ሰዓቱን ክሎሪን እንዲጨምር ነው። የሚበደለው እሱ ነው። ማንም ያላስተማረው ሥራ ተጥሎበት ውሃው አረንጓዴ ሲሆን ይወቀሳል። አንድ የሠለጠነ ቴክኒሻን በቋሚነት እንቅጠር። የመግቢያው ገቢ ከፊሉ በጥገና ስም በተከፈተ ሂሳብ ይቀመጥ፣ ለሌላ ጉዳይ ወጪ እንዳይሆን። የፊልተሩ አሸዋ በአምስት ሰባት ዓመት መለወጥ አለበት። ያን ቀን እንደገና መዋጮ ብለን እዚህ አዳራሽ መሰብሰብ የለብንም።

የፊታችን ዓርብ ማታ 12 ሰዓት ገንዳው ዳር ባልዲውን እናስቀምጣለን። ቅዳሜ ማታ 12 ሰዓት አብረን እናነባለን። ያን ቀን ዋና የለም፣ ውሃም አይጨመርም። የፖሊ ልጆች፣ ሜትር ይዛችሁ ኑ። ሴራሚኩን የምትፈልጉትም ኑ፤ ካነበብን በኋላ እንከራከራለን።

አመሰግናለሁ።