ፖስታው ሳይከፈት አይደር

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እንደምን አደራችሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ነው። አንዳንዶቻችሁ ልጆቻችሁን ከእንቅልፍ ቀስቅሳችሁ፣ አንዳንዶቻችሁ ሁለት አውቶቡስ ቀይራችሁ እንደመጣችሁ አውቃለሁ። ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ዛሬ የምናወራው ስለ ሜዲኬር፣ ማለትም የአሜሪካ መንግሥት በዋናነት 65 ዓመት ለሞላቸው ስለሚሰጠው የጤና ኢንሹራንስ ነው።

ይህን ፌስታል አያችሁት? የእናቴ ነው። ከአራት ዓመት በፊት ቁም ሳጥኗ ውስጥ፣ ከነጠላዎቿ ሥር አገኘሁት። ሙሉው ያልተከፈተ ፖስታ ነበር። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ከፈትኩት። አብዛኛው ማስታወቂያ ነው። ከመሃል ግን አዲስ የኢንሹራንስ ካርድ ወጣ። «እማዬ፣ ኢንሹራንስ ቀይረሻል እንዴ?» አልኳት። «ኧረ እኔ ምን አውቄ! አንዱ ደውሎ ስለ ጥርስ፣ ስለ መነጽር ሲያወራኝ እሺ እሺ ብዬ ዘጋሁት» አለችኝ።

ነገሩን ያመጣው ያ «እሺ» ነው። እኛ ዘንድ ሰው ሲያወራ እሺ እሺ ማለት ጨዋነት ነው፤ እየሰማሁህ ነው ማለት ነው። ስልኩ እየተቀዳ ከሆነ ግን ተስማምቻለሁ ማለት ይሆናል። ጃንዋሪ ላይ ለዓመታት ሲከታተሏት የነበሩት የልብ ሐኪም ጋ ሄድን። ሪሴፕሽን ላይ ያለችው ልጅ ካርዱን አየችና «ይህን ኢንሹራንስ አንቀበልም» አለችን። እማዬ ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ ተመለስን። ቤት እስክንደርስ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

ያዳነን አንድ ስልክ ነው። በሜዲኬር ጉዳይ በነጻ የሚያማክሩ ሰዎች በየስቴቱ አሉ፤ ሺፕ ይባላሉ። ኢንሹራንስ አይሸጡም፣ ኮሚሽንም የላቸውም። እንደ እማዬ በሜዲኬር አድቫንቴጅ፣ ማለትም በግል ኩባንያ በኩል በሚመጣው ሜዲኬር፣ ውስጥ ያለ ሰው ከጃንዋሪ 1 እስከ ማርች 31 አንድ ጊዜ መቀየር እንደሚችል የነገረችን እዚያ የምትሠራ ሴት ናት። እማዬ ማርች ላይ ወደ ሐኪሟ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ለማገኘው ሰው ሁሉ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ከመፈረማችሁ በፊት ከእናንተ ፊርማ ገንዘብ የማያገኝ ሰው ጠይቁ። ሰዓቱ ሳያልፍ ጠይቁ።

አንዳንዶቻችሁ «መንግሥትን አስቸገርን» ስትሉ እሰማለሁ። ይህ እንዲወጣላችሁ እፈልጋለሁ። ሜዲኬር እ.ኤ.አ. በ1965 ፕሬዚዳንት ጆንሰን በፈረሙት ሕግ የመጣ ነው። ፓርኪንግ ስትሠሩ፣ ሆቴል ስታጸዱ፣ ነርሲንግ ሆም ሌሊት ስታድሩ፣ ከእያንዳንዱ ቼካችሁ 1.45 በመቶ ለእሱ ተቆርጧል። አሠሪውም ያንኑ ያህል ከፍሎላችኋል። ታክሲ የነዳችሁ ደግሞ ሁለቱንም ራሳችሁ ነው የከፈላችሁት። 40 ክሬዲት፣ ማለትም ወደ 10 ዓመት ገደማ የሠራ ሰው ለሆስፒታሉ ክፍል፣ ለፓርት ኤ፣ ወርኃዊ ክፍያ የለበትም። ራሳችሁ ባትሠሩም የባል ወይም የሚስት ክሬዲት ሊያገለግላችሁ ይችላል። ለሐኪም ቤቱ ክፍል፣ ለፓርት ቢ፣ ግን ሁሉም ይከፍላል። መደበኛው ክፍያ እ.ኤ.አ. በ2025 በወር 185 ዶላር ነበር።

ልጆቻችሁ ያስመጧችሁ፣ እዚህ አንድ ቀን ያልሠራችሁም አላችሁ። እናንተም በር አልተዘጋባችሁም። ግሪን ካርድ ይዞ አምስት ዓመት ሳያቋርጥ እዚህ የኖረና 65 የሞላው ሰው እየከፈለ መግባት ይችላል። እስከዚያ ያለውን ጊዜ በምን እንደምትሸፍኑት ግን ልጆቻችሁ አሁኑኑ ያጣሩ። ሕጉ ከስቴት ስቴት ይለያያል፤ በየጊዜውም ይቀየራል።

ቀኑን ደግሞ አደራ። 65 የምትሞሉበት ወር፣ ከፊቱ ሦስት ወር፣ ከኋላው ሦስት ወር፤ በጠቅላላው ሰባት ወር ነው የመመዝገቢያው ጊዜ። ያለ በቂ ምክንያት ያለፈው ሰው በፓርት ቢ ላይ ለዘገየበት ለእያንዳንዱ ሙሉ ዓመት 10 በመቶ ቅጣት ይጨመርበታል። ቅጣቱ አንዴ ተከፍሎ የሚያልቅ አይደለም። ፓርት ቢ እስካለው ድረስ በየወሩ አብሮት ይኖራል። ገና በሥራ ላይ ያላችሁ፣ ወይም ባለቤታችሁ የምትሠራና በመሥሪያ ቤቷ ኢንሹራንስ የተሸፈናችሁ፣ ብዙ ጊዜ ያለ ቅጣት መቆየት ትችላላችሁ። ይሁንና በግምት አትቆዩ፤ ከመሥሪያ ቤቱም፣ ምዝገባውን ከሚያካሂደው ከሶሻል ሴኩሪቲም ጠይቁ።

ከገባችሁ በኋላ መንገዱ ሁለት ነው። አንዱ ዋናው ሜዲኬር ነው። አገሪቱ ውስጥ ሜዲኬር የሚቀበል ሐኪም ሁሉ ጋ ትሄዳላችሁ። ግን ለሐኪም ከሚከፈለው ብዙውን ጊዜ 20 በመቶው በእናንተ ነው፣ ጣሪያም የለውም። ያን ለመሸፈን ሜዲጋፕ የሚባል ተጨማሪ ኢንሹራንስ ይገዛል። ሌላው መንገድ ሜዲኬር አድቫንቴጅ ነው። በግል ኩባንያ በኩል ይመጣል፤ ጥርስና መነጽር፣ አንዳንዴም የአስቤዛ ካርድ ይጨምራል። በዓመት ከኪስ የምታወጡት ጣሪያ አለው። በምትኩ አብዛኛውን ጊዜ ኔትወርክ፣ ማለትም ኩባንያው የተዋዋላቸው ሐኪሞች ዝርዝር፣ አለው፤ አንዳንድ ሕክምናም አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቃል።

የቱ ይሻላል ትሉኛላችሁ። ጤነኛ ለሆነና በአንድ ከተማ ለሚኖር፣ ሐኪሞቹም በኔትወርኩ ውስጥ ላሉለት፣ አድቫንቴጅ ጥሩ ነው። ብዙ ስፔሻሊስት የሚያይ ሰው፣ አቅሙ ከፈቀደ፣ ዋናውን ከሜዲጋፕ ጋር ቢይዝ እኔ ይሻለዋል እላለሁ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። 65 ሞልቷችሁ ፓርት ቢ ከጀመረላችሁ በኋላ ባሉት ስድስት ወራት ሜዲጋፕ የሚሸጥ ኩባንያ በሕመማችሁ ምክንያት እምቢ ሊላችሁ አይችልም። ከዚያ በኋላ በአብዛኛው ስቴት እምቢ ሊል ይችላል። «መጀመሪያ አድቫንቴጁን ልሞክር፣ ስታመም እቀይራለሁ» የሚለው ሐሳብ ብዙ ሰው የጎዳው በዚህ ነው።

መድኃኒት ላይ ደስ የሚል ነገር አለ። ሜዲኬር የሚሸፍነው ኢንሱሊን በወር ከ35 ዶላር አይበልጥም። በመድኃኒቱ ክፍል፣ በፓርት ዲ፣ ለተሸፈነ መድኃኒት ደግሞ ከ2025 ጀምሮ በዓመት ከኪስ የሚወጣው ጣሪያ ተበጅቶለታል፤ በዚያ ዓመት 2,000 ዶላር ነበር።

አሁን ወደ አገር ቤት ጉዞ ልምጣ። ስንቶቻችሁ ናችሁ ብርዱን ሽሽት ከገና እስከ ፋሲካ አዲስ አበባ የምትከርሙት? እጃችሁን አያለሁ። ዋናው ሜዲኬር ከጥቂት ልዩ ሁኔታ በስተቀር ከአሜሪካ ውጭ አይከፍልም። አንዳንድ ሜዲጋፕ በጉዞው የመጀመሪያ 60 ቀን ውስጥ ለሚደርስ ድንገተኛ ሕመም 250 ዶላር ከከፈላችሁ በኋላ 80 በመቶውን ይሸፍናል። ከመሄዳችሁ በፊት የእናንተው እንዳለው ጠይቁ። አድቫንቴጅ ያላችሁ ከስድስት ወር በላይ ከቆያችሁ ልትሰረዙ ትችላላችሁ። ኤስኤስአይ፣ ማለትም አቅም ለሌላቸው አረጋውያን መንግሥት በየወሩ የሚሰጠውን ድጎማ፣ የምታገኙ ደግሞ 30 ቀን በተከታታይ ከአገር ከወጣችሁ ይቋረጣል። «እዚያ ካልተጠቀምኩበት ምን ያደርግልኛል» ብላችሁ ፓርት ቢን አታቋርጡ፤ ስትመለሱ ያ ቅጣት ይጠብቃችኋል።

ሌላው ያንገበገበኝ ነገር አስተርጓሚ ነው። ባለፈው ዓመት ክሊኒክ ወረፋ ስጠብቅ አንድ የአሥር ዓመት ልጅ ከአያቱ ጎን ቆሞ ያስተረጉም ነበር። ነርሷ ስለ ሽንታቸው ትጠይቃለች። ልጁ ፊቱ ቀላ። አያቱ አቀርቅረው «ደህና ነኝ በላት» አሉት። ደህና ቢሆኑማ እዚያ ምን አመጣቸው? ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሐኪም ቤት አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ ግዴታው ነው። ቀጠሮ ስትይዙ «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» በሉ። በስልክም ቢሆን ይመጣል። ልጅ ልጅ ይሁን፤ ከአያቱ ጋር አይስክሬም ይብላ።

ኢንሹራንስ ብቻውን ሰው አያኖርም። ሜዲኬር ለማጠብ፣ ለማልበስ፣ ለረጅም ጊዜ እንክብካቤ አይከፍልም። ያን የሚሸፍነው በአብዛኛው ሜዲኬይድ የተባለው፣ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጠው የመንግሥት ኢንሹራንስ ነው፤ በገቢና በንብረት ይወሰናል። በብዙ ስቴት ሜዲኬይድ እናቷን የምትንከባከብ ልጅን ራሷን ይከፍላታል። ሥራ ትታ ቤት የዋለች ልጅ ያለችው ዛሬውኑ ይጠይቅ። ገቢያችሁ ትንሽ ከሆነ የፓርት ቢ ክፍያን ጭምር የሚሸፍን እርዳታ አለ፤ የመድኃኒቱም ለብቻው አለ። አይገባኝም ብላችሁ ራሳችሁን አትቀንሱ፤ ማመልከቻው ይወስን።

በየአካባቢው ደግሞ የአረጋውያን ጉዳይ ቢሮ አለ። ይህም በ1965 በወጣ ሌላ ሕግ የመጣ ነው። 60 የሞላው ሰው ቤቱ ድረስ ምሳ ሊመጣለት፣ ወይም ማዕከል ሄዶ ከሰው ጋር ሊበላ ይችላል። ለምግቡ ዋጋ አይጠየቅም፤ የፈለገ መዋጮ ይሰጣል። የጾም ወይም ሐላል ምግብ እንዳላቸው ጠይቁ። ብዙ ቦታ ወደ ሐኪም ቤት የሚወስድ መኪናም አላቸው። እናቴ ማዕከሉን በግድ ነው የጀመረችው። አሁን ማክሰኞና ሐሙስ ከቤት ብትፈልጓት አታገኟትም።

ስልኮቹን ጻፉ። የሜዲኬር 1-800-633-4227 ነው፤ አስተርጓሚ ጠይቁ። የአካባቢያችሁን የአረጋውያን ቢሮ የሚያገናኛችሁ 1-800-677-1116 ነው። ሳትጠይቁት ደውሎ የሜዲኬር ቁጥራችሁን የሚጠይቃችሁ ሰው ካለ ስልኩን ዝጉበት። ነውር አይደለም።

ከኦክቶበር 15 እስከ ዲሴምበር 7 ኢንሹራንስ መቀየሪያው ጊዜ ነው። ከኋላ ሦስት ጠረጴዛ አለ፤ በጎ ፈቃደኞቹ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ትግርኛ ይናገራሉ። የመድኃኒታችሁን ዝርዝርና የሐኪሞቻችሁን ስም ስጧቸው። ፌስታላችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ወደ እኔ ኑ፤ እዚሁ እንከፍተዋለን። መነጽር የረሳችሁ ካላችሁም እኔ አነብላችኋለሁ።