ፕሮዲጂን ፕሮዲጂ ያደረገው ማን ነው? ላያም ወይስ ኪት?

ሄኖክ፦ ዛሬ የእንግሊዙ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ባንድ ፕሮዲጂ ነው። ከመጀመሪያው አልበም እስከ መጨረሻው በቅደም ተከተል እንሄዳለን።

ቤቲ፦ እስቲ እናያለን!

ሄኖክ፦ ግን ከካሴቱ ልጀምር። እንግሊዝ አገር፣ ኤሴክስ ውስጥ ብሬይንትሪ የምትባል ከተማ አለች። እዚያ ላያም ሃውሌት የሚባል ልጅ ሬቭ ላይ፣ ማለት ሌሊቱን ሙሉ በኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ የሚጨፈርበት ድግስ ላይ፣ ዲጄ ነው። ኪት ፍሊንት ይመጣና ካሴት ቅዳልኝ ይለዋል። ላያም ቀዳለት። በጀርባው ደግሞ ራሱ የሠራቸውን ሙዚቃዎች ጨመረበት። ኪትና ጓደኛው ሊሮይ ቶርንሂል ያን ሲሰሙ አበዱ! ይሄማ መድረክ ላይ መውጣት አለበት፣ እኛ እንደንስልሃለን አሉት። በፈረንጆቹ 1990 ባንዱ እንዲህ ተጀመረ።

ቤቲ፦ ካሴት ማስቀዳት! ወይ ጊዜ።

ሄኖክ፦ ታላቅ ወንድሜ እኮ ባዶ ካሴት ይገዛና የዘፈኖቹን ስም በወረቀት ጽፎ ሰፈር ላለው ሙዚቃ ቤት ይሰጣል። በማግስቱ ሄዶ ይወስዳል። መጨረሻ ላይ ቦታ ከተረፈ ባለ ሙዚቃ ቤቱ የራሱን ምርጫ ይሞላበታል። ወንድሜ ካዘዛቸው ዘፈኖች ይልቅ የሚጓጓው ለዚያች ለተረፈችው ቦታ ነበር። ከዛ ማንም ላዩ ላይ እንዳይቀዳበት ከካሴቱ ጫፍ ያሉትን ሁለት ትናንሽ ፕላስቲኮች ይሰብራቸዋል።

ቤቲ፦ እኛ ደሞ ቀዳዳው ላይ ወረቀት ጠቅጥቀን እንቀዳበት ነበር!

ሄኖክ፦ እኔም! በጣም ነበር የሚናደደው።

ቤቲ፦ ሄኑ፣ ፕሮዲጂ።

ሄኖክ፦ እሺ፣ እሺ። 1991 ላይ «ቻርሊ» የሚለው ዘፈናቸው ወጣ። ሕፃናትን ከአደጋ ለመጠበቅ ከተሠራ የድሮ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ላያም የድመት ድምፅ ቆርጦ አስገባበት። እንግሊዝ ውስጥ 3ኛ ደረጃ ድረስ ወጣ። ከዛ ሌላው ሙዚቀኛ ሁሉ ከልጆች ፕሮግራም ድምፅ እየቆረጠ ዘፈኑ ውስጥ ማስገባት ጀመረ፣ ሬቭን የገደለው ይሄ ዘፈን ነው ወይ ተብሎም ተጻፈ። 1994 ላይ የእንግሊዝ መንግሥት የሬቭ ድግሶችን የሚበትን ሕግ አወጣ። ሕጉ ውስጥ «ተደጋጋሚ ምት» የሚል ነገር አለበት፣ አስቢው፣ ምት በሕግ! በዚያው ዓመት ሁለተኛው አልበማቸው 1ኛ ወጣ። ለእኔ ምርጡ አልበም እሱ ነው።

ቤቲ፦ እሱን ሁሉ ደግሞ ላያም ነው የሠራው። ያውም ሮላንድ ደብልዩ 30 በምትባል ኪቦርድ የጀመረ ልጅ። ባንዱ ማለት እሱ ነው።

ሄኖክ፦ በፍጹም! ኪት እኮ ለዓመታት ማይክ ሳይዝ የደነሰ ሰው ነው። «ፋየርስታርተር» የሚለው ዘፈን መጀመሪያ ግጥም አልነበረውም፣ እኔ ልዝፈንበት ያለው ኪት ነው። ቪዲዮውን ለንደን ውስጥ በተዘጋው የኦልድዊች የምድር ባቡር ጣቢያ ዋሻ ውስጥ ቀረጹት። ያ ፀጉር፣ ያ ዓይን! 1996 ላይ እንግሊዝ ውስጥ ሦስት ሳምንት 1ኛ ሆነ። ሬቭ ሄዶ የማያውቅ ሰው፣ የሮክ አድናቂው ሁሉ የተከተላቸው በኪት ፊት ነው።

ቤቲ፦ 2004ስ? አልበሙ ላይ ኪት የለም፣ ሌላው ድምፃዊ ማክሲም የለም፣ ግን 1ኛ ወጣ።

ሄኖክ፦ ወጣ፣ እሺ። መድረክ ላይስ? መድረክ ላይ እኮ ኪት ነው! ላያም ከማሽኖቹ ኋላ ነው ያለው፣ ሕዝቡን የሚያነደው ፊት ያለው ሰው ነው።

ቤቲ፦ መድረኩን ልስጥህ። ሙዚቃውን ግን አልሰጥህም።

ሄኖክ፦ ግማሹን ሰጠሽኝ ማለት ነው። 2019 መጋቢት ላይ ኪት በ49 ዓመቱ ሲሞት እኔ ባንዱ አበቃለት ብዬ ነበር፣ በጣም ነው ያዘንኩት። 2022 ላይ ላያምና ማክሲም ተመልሰው ጉብኝት ወጡ።

ቤቲ፦ ያለ ኪት ማለት ነው። እና?

ሄኖክ፦ አውቃለሁ ምን ልትዪ እንደሆነ! ሰዉ ግን የመጣው ስለ ኪትም ነው። ኧረ 1997ን ሳንነካው! ሦስተኛው አልበም እንግሊዝም አሜሪካም 1ኛ የወጣበት ዓመት እኮ ነው።

ቤቲ፦ ሊሮይ 2000 ላይ መውጣቱንም አላነሳንም። ማክሲምን ደግሞ ስሙን ብቻ ነው የጠራነው፣ ከመጀመሪያዎቹ ድግሶች ጀምሮ ማይክ የያዘውን ሰው!

ሄኖክ፦ ማክሲም ለብቻው አንድ ሙሉ ክፍል ይገባዋል። ሳምንት እሱን እንይዛለን።