ዕርቅ ወርዶም የማይቀር ክስ አለ
(በሐዋሳ የባጃጅ ባለንብረቶችና ሾፌሮች ዓመታዊ ጉባኤ ላይ በሰብሳቢው የቀረበ የመክፈቻ ንግግር)

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ የሀገር ሽማግሌዎች፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ እንግዶች፣ እንደምን አደራችሁ! የቀን ገቢያችሁን ትታችሁ እዚህ መገኘታችሁ ቀላል ነገር አይደለም። አመሰግናለሁ።

የሒሳብ ሪፖርቱን ገንዘብ ያዡ ያቀርበዋል። የነዳጅ ወረፋ፣ ታሪፍ፣ የመለዋወጫ ዋጋ፣ ሁሉም በአጀንዳው ላይ አለ። እኔ አንድ ጉዳይ ብቻ ላንሳ። አደጋ በደረሰ ቁጥር በመካከላችን "ተስማምተናል፣ አለቀ" ይባላል። ይህ አባባል ያሳስበኛል።

ሰው ሲገጭብን የምናደርገውን ሁላችንም እናውቃለን። ሽማግሌ እንልካለን፣ ለቅሶ እንደርሳለን፣ ገንዘብ እናዋጣለን። የሟች ቤተሰብ ይቅር ይላል፣ ወረቀት ይፈረማል። ደግ ነገር ነው፤ ማንም እንዲያስቀርብን አልፈልግም። የሲዳማ ሽማግሌዎች ሶንጎ፣ ማለትም የሽምግልና ሸንጎ፣ ተቀምጠው በአፊኒ፣ በመደማመጥ ሥርዓታቸው፣ ሲነጋገሩ ሃላሌው፣ እውነቱ፣ ሳይወጣ መነሳት የለም። አጥፊው ያምናል፣ የተበደለው ይሰማል። እንደዚያ የሰው ልብ የሚያሳርፍ ነገር አላየሁም።

ግን ዕርቁ ዐቃቤ ሕግን አያስቆመውም። ሰው ሲሞት ጉዳዩ የቤተሰቡ ብቻ መሆኑ ይቀራል። ነገ ፒያሳ ላይ መንገድ የሚሻገረውን ተማሪ፣ ከአሞራ ገደል ዓሣ ገዝታ የምትመለሰውን እናት ሁሉ ይመለከታል። የወንጀል ሕጋችን ገና በአንቀጽ 1 ዓላማውን ይናገራል። ወንጀሉንና ቅጣቱን አስቀድሞ ያስጠነቅቃል። ማስጠንቀቂያው ካልሠራ ይቀጣል፤ አጥፊው እንዲታረም፣ ሌላውም እንዲማር። ስለዚህ የሟች ወንድም "ይቅር ብያለሁ" ቢልም መዝገቡ አይዘጋም። ጥፋቱን አምኖ የካሰ ሰው ቅጣቱ ሊቀልለት ይችላል፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

ቅጣቱን ደግሞ እንወቀው። አንቀጽ 543 ሾፌርን በስም ይጠራል። በቸልተኝነት ሰው የገደለ ሾፌር ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት ከነመቀጮው ይጠብቀዋል። ጠጥቶ ከሆነ፣ ወይም ግልጽ የሆነ ደንብ ጥሶ ከሆነ፣ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። ወጣት ሾፌሮች፣ ይህን ቁጥር እባካችሁ ያዙልኝ። በአንድ ምሽት ጨዋታ 15 ዓመት ሊሄድ ይችላል።

እንግዲህ ሾፌሩ ታሰረ እንበል። የሟች ልጆች ምን ይበላሉ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የጎደለውን ማን ይሙላ ብሎ ይጠይቃል። ባለንብረቶች፣ መልሱ እኛ ነን። በአንቀጽ 2081 መሠረት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው። "እኔ እኮ አልነዳሁም" ማለት አያዋጣም። ሾፌሩ ለጓደኛው ሰጥቶት ጓደኛው ቢገጭ እንኳን ካሳው እኛው ላይ ነው። ባጃጁ በዚያ ሰዓት ተሰርቆ እንደነበር፣ ወይም ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የተጎጂው እንደሆነ ማስረዳት የቻለ ግን ይድናል።

ብዙዎቻችንን የሚያስደነግጠው ሌላም አለ። ሾፌሩ በወንጀሉ ነጻ ቢወጣም የካሳው ክስ ሊቀጥል ይችላል። አንቀጽ 2149 የካሳውን ጉዳይ የሚያየው ፍርድ ቤት በዚያ ውሳኔ እንደማይታሰር ይናገራል። "ይሄ ግፍ ነው" የሚሉ አባላት አሉ። እኔ አልስማማም። ሰውን ለማሰር ማስረጃው ጥርጣሬ የማያስቀር መሆን አለበት፤ ነጻነቱን ነው የምንወስድበት። ለካሳ ግን ያመዘነው ማስረጃ ይበቃል። ሾፌር በግምት መታሰር የለበትም። እግሯ የተሰበረ የጉሊት ነጋዴም ባዶ እጇን መግባት የለባትም።

ተጎጂዎችም መብታቸውን ይወቁ። የካሳ ጥያቄ በመርህ ደረጃ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። በወንጀሉ ክስ ላይ ደርቦ መጠየቅም ይቻላል። ይህን መናገር ማኅበሩን ይጎዳል የሚል ካለ፣ ልጆቹ በየትኛው መንገድ ትምህርት ቤት እንደሚሄዱ ያስብ።

ስለ ብድርም ባጭሩ ልናገር። እርስ በርሳችን ገንዘብ እንበዳደራለን፣ ሳይከፈለን ሲቀር ጣቢያ ሄደን "እሰሩልኝ" እንላለን። ከመጀመሪያው የማታለል ሐሳብ ከሌለበት ብድር የወንጀል ጉዳይ አይደለም። ደረቅ ቼክ የጻፈ ሰው ግን ወንጀልም አለበት፣ ዕዳውም አይቀርለትም። ደግሞ ከ500 ብር በላይ ያበደረ ሰው ጽሑፍ ይያዝ፤ ተበዳሪው ፍርድ ቤት ቀርቦ ካላመነ ወይም ካልማለ በቀር ብድሩን በቃል ማስረዳት አይቻልም። በዛሬ ጊዜ 500 ብር ምን አላት?

ሥራ አስፈጻሚው ዛሬ የሚያቀርብላችሁ ሐሳብ ከዚህ የመጣ ነው። መዋጮ ስንሰበስብ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ወረቀት አብረን እንይ። አደጋ ሲደርስ ሽማግሌ ከመፈለግ በፊት ተጎጂው ሐኪም ቤት ይድረስ፤ ገጭቶ ከሚሸሽ ሾፌር ጎን ማኅበሩ አይቆምም። በባለንብረትና በሾፌር መካከል የጽሑፍ ውል ይኑር፤ ሾፌሩ ለባለንብረቱ የሚያስገባው የቀን ገቢም በውሉ ይወሰን። ገቢው ሲንር ሾፌሩ ይሯሯጣል፣ ሲሯሯጥ ይገጫል።

የውሉን ረቂቅ ጸሐፊያችን አሁን ያድላችኋል። ያልተስማማችሁበትን አስምሩበትና ከሻይ በኋላ እንከራከርበት። ጉባኤው ተከፍቷል።