የሰሎሜ ተራ

ሰላም እህቶቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ ድምፄ ጎርነን ብሎባችሁ ይሆናል። ከትናንት ወዲያ፣ ኅዳር 6፣ ቁስቋም ነበርኩ። ከሌሊት ጀምሮ ቆሜ፣ እልል ስል ነው ያረፈድኩት። ጉሮሮዬ እስካሁን አልተመለሰም። ግን ደስ ብሎኛል።

ጎንደርን ለማታውቁ፣ ቁስቋም ከከተማው ወጣ ብላ ኮረብታ ላይ ያለች ደብር ናት። ያሠሯት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። አጠገቧ የቤተ መንግሥታቸው ፍርስራሽ አለ። ጣሪያ የለውም፣ ግድግዳው ግን ቆሟል። ስለ እቴጌይቱ በልጅነታችን የምናውቀው ኃያል እንደነበሩ ነው። ባላቸው አፄ በካፋ በፈረንጆቹ 1730 ሲያርፉ ትንሹ ልጃቸው ኢያሱ ነገሠ። እሳቸውም ዘውድ ጭነው አብረውት ገዙ። ይሄን ሁላችንም እናውቃለን።

ቀጥሎ የመጣውን ግን ማንም ቁጭ አድርጎ አልነገረኝም። በ1755 ያ ልጅ ሞተ። በ1769 የልጅ ልጃቸው ኢዮአስ ተገደለ። እሳቸው እስከ 1773 ኖሩ። ባል፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ ሸኝተው ማለት ነው። ድሮ የእሳቸው ጥንካሬ ዘውዱ ይመስለኝ ነበር። አሁን የማስበው እነዚያን የመጨረሻ አራት ዓመታት ነው። በየቀኑ ጠዋት መነሳታቸውን።

ለምን እንዲህ እንደማስብ ልንገራችሁ።

ከአምስት ዓመት በፊት ትዳሬ ፈረሰ። ዝርዝሩን አልናገርም፣ የልጄ አባት ነው። የሦስት ዓመት ልጅ አዝዬ እናቴ ቤት ተመለስኩ። ፈት ሆኖ ወደ ሰፈር መመለስ ምን እንደሆነ የቀመሰችው ታውቀዋለች። ክፉ የተናገረኝ ሰው ብዙ አልነበረም። ግን ሰላምታው ይቀየራል። «ደህና ነሽ?» ይሉሻል፣ ዓይናቸው ሌላ ይጠይቃል። ቅዳሜ ገበያ መሄድ አቆምኩ። ቤተ ክርስቲያንም ስሄድ ከቅጥሩ ውጪ ቆሜ፣ ግንቡን ስሜ እመለስ ነበር። እግዚአብሔርን ተቀይሜው ነበር፣ እውነቱን ልናገር። ደግሞ መቀየሜ ራሱ ያሳፍረኝ ነበር።

እናቴ በእመቤታችን ስም ማኅበር ትጠጣለች። በየወሩ በ21። አንድ ወር ተራው የእኛ ቤት ሆነ። ጠላው፣ ዳቦው፣ ሁሉም ደረሰ። ጸሎቱ ተደርጎ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጽዋው ለባለ ተራዋ ከተሰጠ በኋላ ቡና ማፍላት የእኔ ሥራ ሆነ። ረከቦቱ ፊት በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። አቦሉን ቀዳሁ፣ ለሁሉም አደረስኩ። ቶናውንም እንደዚያው። እኔ ሁልጊዜ የምጠጣው በረካውን ነው። እሱም የቀዘቀዘ፣ ከአተላው የተረፈ። እናቴም እንደዚያ ናት፣ አያቴም እንደዚያ ነበረች። ማንም አላስገደደንም። የሴት ልጅ ጨዋነት ይመስለን ነበር።

የማኅበሩ ሙሴ፣ መሪያችን ማለት ነው፣ ትልቅ ሴት ናቸው። ዝም ብለው ሲያዩኝ ቆዩ። ከዚያ ተነሱ፣ ጉልበታቸውን ይዘው። «ተነሺ ልጄ» አሉኝ። ያጠፋሁ መሰለኝ። ጀበናውን ከእጄ ተቀበሉና በርጩማው ላይ እሳቸው ተቀመጡ። እንደገና ቡና አስቆሉ። አዲስ አቦል። የመጀመሪያውን ስኒ ለእኔ ሰጡኝ፣ በሁለት እጃቸው። «ትኩሱን ጠጪ፤ ነገ ደግሞ ራስሽ ለራስሽ ቅጂ» አሉኝ።

አለቀስኩ። በአንድ ስኒ ቡና። ሴቶቹ ዝም አሉ። ማንም «አይዞሽ፣ ተይ አታልቅሺ» አላለኝም። እንድጨርስ ጠበቁኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ቋንቋችን በዚህ ጉዳይ ትንሽ ያስቸግራል። ራስን መውደድ ስንል ወዲያው «ራስ ወዳድ» ትዝ ይለናል፣ እሱ ደግሞ ስድብ ነው። አንዲት ሴት «ራሴን እወዳለሁ» ብትል ጆሮ ላይ ይሻክራል። እኔም ድሮ ሲወራ ስሰማ ለእኔ የተባለ አይመስለኝም ነበር። ያን ቀን ግን ሌላ ስም አገኘሁለት። ለራስ መራራት። ለእንግዳ የምናፈላውን አቦል ለራስም መቅዳት። ለእንግዳ «ቡናው ይቀዘቅዝብሃል» እንላለን አይደል? ለራሳችን ግን ሲቀዘቅዝ ዝም።

ቶሎ አልለወጠኝም። ወራት ፈጀ። ግን ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ማኅበሩ ላይ እቀር እንደሆነ ሙሴዋ ሰው ይልካሉ። እነዚያው ሴቶች ዕቁብም ነበራቸው፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ 1,000 ብር። አስገቡኝ፣ ከእኔ ጋር 14 ሆንን። የመጀመሪያው ዕጣ ለሌላ ሴት ወጣ። እሷ «ለእሷ ይሁን፣ እኔ በእሷ ተራ እወስዳለሁ» አለች። 14,000 ብር እጄ ላይ አስቀመጠች። ያገለገለ የልብስ ስፌት መኪና ገዛሁበት። ዛሬ ልጄን የማስተምረው በዚያች መኪና ነው። የሐበሻ ቀሚስ እሰፋለሁ፣ ለበዓል ሰሞን ሥራ ይበዛል።

ስለ እምነቴም ትጠይቁኝ ይሆናል። የተመለሰው በስብከት አልነበረም፣ ስብከት እወዳለሁ ግን። በጽጌ ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው 40 ቀን፣ የፈቃድ ጾም ነው። የእመቤታችንን ስደት የምናስብበት። ያን ዓመት ሙሴዋ ከእኔ ጋር ከቅጥሩ ውጪ ቆሙ። ግቢ አላሉኝም። ሦስት እሑድ አብረውኝ ውጪ አስቀደሱ። በአራተኛው እኔ ራሴ «እንግባ» አልኳቸው። እሳቸውን ብርድ ላይ ማቆሜ አሳፍሮኝ ነበር መጀመሪያ። ከገባሁ በኋላ ግን ሌላ ሆነ።

የስደቱን ሥዕል አይታችሁት ታውቃላችሁ። እመቤታችን አለች፣ ሕፃኑ አለ፣ አረጋዊው ዮሴፍ አለ። ሰሎሜም አለች። ማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ላይ ሰሎሜ አትጠቀስም፣ ትውፊታችን ግን አይረሳትም። አባቶች ሲያስተምሩ እመቤታችን ስትደክም ሰሎሜ ታዝለዋለች ይላሉ። ሦስት ዓመት ከስድስት ወር በረሃ ለበረሃ፣ እየተቀባበሉ። እኔ ይሄን መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ከዚያ ዓመት በፊት ግን ሰሎሜን አላየኋትም ነበር። የአምላክ እናት፣ ያን ያህል የተባረከችዋ፣ ልጇን ለሌላ ሴት ጀርባ ሰጥታ አርፋለች። «እኔ ብቻዬን እችላለሁ» አላለችም። እኔ ግን ለእናቴ እንኳን ልጄን ያዥልኝ ማለት ሽንፈት ይመስለኝ ነበር!

ከትናንት ወዲያ ቁስቋም ላይ ሙሴዋ አጠገቤ ነበሩ። ጉልበታቸው አሁን በጣም ያማቸዋል። ቁልቁለቱን ክንዴን ይዘው ወረዱ። እግረ መንገዳቸውን «በ21 ጽዋው ያንቺ ነው፣ አልረሳሽም?» አሉኝ። አልረሳሁም። ጌሾው ተወቅጧል።

ግቢያችን ውስጥ አንዲት ልጅ ቤት ተከራይታለች። መጥታ ወሯ ነው። ሕፃን ይዛለች፣ ከየት እንደመጣች አልጠየቅኳትም። ውሃ የምትቀዳው ሲመሽ፣ ሰው ሲገባ ነው። ያን ሰዓት አውቀዋለሁ። ነገ ጠዋት በሯን አንኳኳለሁ። ቡናውን ከመቁላቴ በፊት ነው የምጠራት፣ አቦሉ ላይ እንድትደርስ።