የጋብቻ ሰርተፍኬት መንጃ ፈቃድ አያወጣም

የተከበራችሁ የጎንደር እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንደምን ዋላችሁ? ሰዓት ስላጠረን በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

እኔ ጠበቃ ነኝ። ወደ ቢሮዬ የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ። ባልና ሚስት ናቸው፤ ልጅቷ ገና 17 ዓመቷ ነው። የጋብቻ ሰርተፍኬቱን በፕላስቲክ አስለብጠው ይዘውታል። ባል ባጃጅ አለው፤ እሷም መንዳት ትፈልጋለች። «ያገባ ሰው በሕግ እንደ ትልቅ ሰው ይታያል ተብለናል። ታዲያ መንጃ ፈቃድ ለምን ትከለከላለች?» ይላሉ።

የሞኝ ጥያቄ አይደለም። ግማሹ እውነት ነው። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ በጋብቻ ነጻ ይወጣል ይላል። ራሱን በሚመለከት ጉዳይና ንብረቱን በማስተዳደር ረገድ አካለ መጠን እንዳደረሰ ይቆጠራል። ቤት ሲከራይ ወይም ውል ሲፈርም «አባትህን ጥራ» አይባልም።

ሕጉ ሞግዚቱን አነሳለት እንጂ ዕድሜ አልጨመረለትም። መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው ደግሞ በሌላ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 1074/2010 ነው። እዚያ የሚጠየቀው «ዕድሜህ ስንት ነው?» ነው። ሞተር ሳይክልም ይሁን አውቶሞቢል፣ ከ18 በታች አይሆንም። ለባለትዳር ይቀነስለት የሚል አንቀጽ የለም።

አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችሁ ሌላ ነገር ነግረዋችሁ ይሆናል። እነሱም አልዋሹም። ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ ልጅ ከ16 ዓመቱ ጀምሮ መንጃ ፈቃድ ማውጣት ይችላል፤ ግን ወላጅ ይፈርምለታል። የፈረመው ወላጅ ልጁ ለሚያደርሰው ጉዳት በገንዘብ ይጠየቃል። ያገባ ልጅ ነጻ ስለወጣ ራሱ መፈረም ይችላል፤ በምትኩ ጉዳት ቢያደርስ መክፈል እንደሚችል ማስረጃ ያቀርባል። እዚያም ቢሆን ጋብቻ ያስቀረው ፊርማውን እንጂ ዕድሜውን አይደለም።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይከብደኛል። ከ18 በታች ማግባት የተከለከለ ነው። በፌዴራሉ ሕግ ከባድ ምክንያት ሲኖር የፍትሕ ሚኒስትሩ ቢበዛ ሁለት ዓመት ሊቀንስ ይችላል፤ በቃ። ከዚያ ውጪ ትንሽ ልጅ ያገባ ሰው በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 ይጠየቃል፤ እስከ 3 ዓመት፣ ልጅቷ 13 ካልሞላት ደግሞ እስከ 7 ዓመት ጽኑ እስራት። ስለዚህ ያንን በፕላስቲክ የተለበጠ ሰርተፍኬት ቢሮ ስታቀርቡ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ የባጃጁ ላይሆን ይችላል።

ሌላው መንገድ ዕድሜ ማስጨመር ነው። ይቺን ሁላችንም እናውቃታለን። ለሰርጉ 19 የተባለች ልጅ፣ ለመታወቂያ 20 ትሆናለች፤ የትምህርት ቤት ካርዷ ላይ ግን ገና 16 ናት። እነዚህ ወረቀቶች አንድ ጠረጴዛ ላይ የተገናኙ ቀን የሐሰተኛ ሰነድ ክስ ይመጣል። ክሱ ደግሞ ያስጨመረላትንም ሰው አይምርም።

«እስከ አዘዞ ብቻ ንጂው» ብሎ ቁልፍ ለሚሰጥ ባልም አንድ ቃል አለኝ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ባለንብረቱን ይጠይቃል፤ የነዳው ሰው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ቢሆንም እንኳ። ሰው ከተጎዳ ባጃጁ ተሽጦም ላይበቃ ይችላል።

ልጅቷ 18 ስትሞላስ? ያኔ እንደማንኛውም አመልካች ናት። የዕድሜና የትምህርት ማስረጃዋን ይዛ ትሠለጥናለች፣ ትፈተናለች። የባል ፈቃድ የሚባል መስፈርት የለም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባል የቤተሰቡ አለቃ ነበር፤ ያ ቀርቷል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 35 በትዳር ውስጥ እኩል መብት ሰጥቷታል። «የባልሽን ደብዳቤ አምጪ» የሚላት ካለ «በየትኛው አንቀጽ ነው?» ትበለው።

የቀረውን በጥያቄና መልስ እናየዋለን። ማይኩን እባካችሁ ወደ ኋላ ለተቀመጡት እህቶች አድርሱልን፤ እነሱ ይቅደሙ።