«በሕግ አምላክ» እና የመሐላ ወረቀት

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። እስቲ ከዚችው ቃል እንነሣ። ጤናውን የሚሰጠው ማን ነው? ባለቤቱ አልተጠራም፤ ከደብረ ማርቆስ እስከ ሞጣ ግን ማን እንደሆነ የማያውቅ የለም። አማርኛ ፈጣሪን ሰላምታው ውስጥ ሳይቀር ሸጉጦ የሚሄድ ቋንቋ ነው። እናም «የሃይማኖት ቃል ከመንግሥት መሐላ ይውጣ ወይስ ይቆይ» የሚለው ክርክር እኛ ዘንድ ሲደርስ መልኩ ይቀየራል። ከወረቀት ይፋቃል፣ ከአፍ ግን አይፋቅም።

ወረቀቱን እንይ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 21 ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ ሲጭን የሚምለው ቃል ተጽፏል። ሁሉን በሚችል አምላክ ስም ይጀምራል፣ መሐል ላይ በእስክንድርያው ቅዱስ ማርቆስ ትምህርት የተመሠረተችውን ኦርቶዶክሳዊት ሃይማኖት ለመጠበቅ ያስምላል። በነገራችን ላይ ያ ማርቆስ ቀድሞ መንቆረር ይባል የነበረውን ከተማ ደብረ ማርቆስ ያሰኘው ቅዱስ ነው። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ወደጸደቀው ሕገ መንግሥት ስንመጣ ደግሞ አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ይለያያል። በአንቀጽ 70 ፕሬዚዳንቱ ሥራ ሲጀምር የሚናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ የተጣለበትን ከፍተኛ ኃላፊነት በታማኝነት ሊፈጽም ቃል ይገባል። ፈጣሪ አልተጠራም። ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃ ይመስላል፤ አላበቃም።

ምክንያቱም ጎጃም ውስጥ ሁለት ሰው ገበያ ላይ ቢጣላ፣ አንዱ ዱላ ቢያነሣ፣ የሚጠራው አንቀጽ አይደለም። «በሕግ አምላክ!» ነው የሚባለው። ዱሮ ይህን ቃል ማንም መንገደኛ ሊያወጣው ይችል ነበር፤ የተባለበት ሰው ደግሞ ባለበት መቆም ነበረበት። ከሳሽና ተከሳሽ የነጠላቸውን ጫፍ ለጫፍ ቋጥረው፣ ተቆራኝተው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር፤ ጠባቂ ፖሊስ የለ፣ ካቴና የለ። «በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል» የተባለው ለዚህ ነው። (ጨሞጋ ነሐሴ ላይ ሲሞላ ለማን እንደሚቆም ባላውቅም።) ቃሉን ልብ በሉት። ሕጉ ራሱ አምላክ አለው። የየትኛው ሃይማኖት አምላክ እንደሆነ አልተነገረም፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይቆምለታል።

የግል መሐላችን ግን እንዲህ ክፍት አይደለም። «ማርያምን!» ስንል መጨረሻዋ ላይ ያለችውን «ን» አስተውሉ። ተሳቢ አለ፣ ግስ የለም። ሰውየው ስሟን ይጠራል፣ የቀረውን ሰሚው ይሞላዋል። «ወላሂ»ም እንዲሁ ናት፤ «በአላህ» ብላ ታቆማለች። አማኝ ለአማኝ ሲናገር ይህ ይበቃል። ችግሩ የሚመጣው አንዱ የሚሞላውን ሌላው የማይሞላው ሲሆን ነው፤ ይህ ደግሞ በግልጽ የሚታየው ፍርድ ቤት ነው።

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 136 ምስክር ቃሉን ከመስጠቱ በፊት ወይ እንዲምል ወይ እንዲያረጋግጥ፣ ማለትም አምላክን ሳይጠራ እውነት እንደሚናገር ቃል እንዲገባ፣ ይላል። «ወይ» የምትለው ቃል ብዙ ጊዜ ትዘለላለች። ቀኝ እጅ ይነሣል፣ መጽሐፍ ይቀርባል፣ አስማዩ በአንድ ትንፋሽ ያነበንባል፣ ምስክሩ የመጨረሻዋን ሐረግ ብቻ ይዞ ይደግማል። እዚህ ላይ ሦስት ነገር ይበላሻል። አንደኛ፣ የሰውየው እምነት ከስሙ ወይ ከአለባበሱ ተገምቶ የማይሆን መጽሐፍ ይሰጠዋል። ሁለተኛ፣ ማቴዎስ ምዕራፍ 5 ላይ «ከቶ አትማሉ» የተባለውን ቃል በቃል የያዘ ክርስቲያን አለ። ይህ ሰው እምነት ስለጎደለው ሳይሆን ስላለው ነው የማይምለው፤ አልምልም ሲል ግን እውነት ለመናገር የፈራ ይመስላል። ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያነሣውም። አዊ ውስጥ አማርኛ በደንብ የማይሰማ የአዊኛ ተናጋሪ በአማርኛ ቢምል፣ የማለው ምኑን ነው?

በእኔ እይታ አምላክ የሚለውን ቃል ከምስክሩ አፍ መንጠቅ አያስፈልግም፤ መንግሥት አፉ ውስጥ መክተቱ ነው የማይገባው። መፍትሔውም ቅደም ተከተሉ ላይ ነው ያለው። መጽሐፉ ጠረጴዛ ላይ ከመቅረቡ በፊት ጥያቄው ይቅደም፦ «ይምላሉ ወይስ ያረጋግጣሉ?» የሚምል ከሆነ በምን እንደሚምል ራሱ ይናገር። ቃሉ አራት አራት፣ አምስት አምስት ቃል እየተቆረጠ ይነበብለትና ይድገም። ከዚያ በሐሰት መመስከር እንደሚያስቀጣ በተራ አማርኛ ይነገረው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 453 የሐሰት ምስክርነትን፣ የሐሰት የባለሙያ አስተያየትንና የሐሰት ትርጉምን አንድ ላይ ነው የያዘው፤ ስለዚህ አስተርጓሚ ካለ የምስክሩ መሐላ ለእሱ አይበቃም፣ እሱም ለብቻው ይማል ወይ ያረጋግጥ። የመረጠው መንገድ መዝገቡ ላይ ይጻፍ፤ ኋላ ይግባኝ ላይ «አልማለም» የሚል ክርክር እንዳይነሣ።

«ይህ የባዕድ ነገር ነው» የሚል ይኖራል። ባዕዶቹም ቢሆኑ በቀላሉ አልደረሱበትም። እንግሊዝ ውስጥ ቻርልስ ብራድላው የሚባል በፈጣሪ የማያምን ሰው እ.ኤ.አ. በ1880 ለፓርላማ ተመርጦ፣ በመሐላው ጉዳይ በተነሣው ክርክር ምክንያት መቀመጫውን አጽንቶ የያዘው በ1886 ነው። ማረጋገጫን ለሁሉም የፈቀደው ሕግ የመጣው በ1888 ነው። እኛ «ወይ» የምትለዋን ቃል ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ በሕጋችን ውስጥ ይዘናታል።

ሽማግሌ ሲያስታርቅ ግን ይህን ሁሉ አታምጡበት። እዚያ ሁለቱ ባለጉዳዮች በምን እንደሚምሉ የሚያውቀው ጎረቤት ነው፤ የማለው ሰው ቢከዳ ለቅሶ ላይ፣ ማኅበር ላይ፣ እድር ላይ ያገኘዋል። ዳኛው ምስክሩን ዳግም ላያየው ይችላል፤ ጎረቤቱ ግን ነገ ጠዋት ወንዝ ዳር ያየዋል።